ሃያ ሰንጠረዥ ስለተጣመረበት የባልና የሚስት ፍልሚያ

በሦስተኛው ሥራ አስኪያጅ ዘመነ ሥልጣን፣ ሊፍቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ አየር ማቀዝቀዣው ግን ገና በሕይወት ሳለ፣ ትዕግሥተ ብዙ፣ ዐይነ ንስር፣ ባለ ሁለት ስክሪን የሆኑት የዳታቤዝ መሐንዲስ፣ በቢሮ ስማቸው አቶ ቆይ እስቲ፣ ለጦርነት ተነሡ። ባላንጣቸውም የገዛ ሚስታቸው፣ መሐንዲሷ ወይዘሮ ቶሎ ቶሎ ነበሩ።

የጠቡ ነገር እንዲህ ነው። የደንበኛው፣ የትዕዛዙ፣ የመጋዘኑ መረጃ በየሰንጠረዡ ተበታትኖ ስለሚኖር፣ ጥያቄ ሲመጣ ሰንጠረዦቹ ይጣመራሉ፤ የትኛው ይቅደም የሚለው ግን መልሱን ወይ ባንዴ ወይ በማግስቱ ያደርሰዋል። ይህን ቅደም ተከተል እንዲመርጥ ወይዘሮዋ የጻፉት የኮምፒውተር ስልት ፊት ለፊቱ ካገኘው ትንሹን ሰንጠረዥ እያነሣ ይገሰግሳል፤ አቶ ቆይ እስቲ ሦስት ዓመት ዕንቅልፍ አጥተው የጻፉት ግን ያለውን ቅደም ተከተል ሁሉ ሳያመዛዝን ንቅንቅ አይልም።

ሥራ አስኪያጁም፦ «አዋጅ! ሁለት ስልት አንቀልብም። ዛሬ ይፈተኑ፤ የዘገየው ይሰረዝ!» ባሉ ጊዜ የአቶ ቆይ እስቲ ልብ ስንጥቅ አለ። ሦስት ዓመት ቀልድ ነው እንዴ!

ወእምዝ ሠራዊት ተከተተ፤ በቀኝ ሁለት ስልክ ባንዴ የሚያነጋግር የኔትወርክ ባለሙያ፣ በግራ ለቅዝቃዜው ብላ የመጣች ሒሳብ ሹም፣ በኋላ መወልወያዋን እንደ ጦር የያዘች ጽዳት ሠራተኛ፣ በደጃፉ ምን እንደሚፈተን ያልገባቸው ዘበኛ፣ እኔም ታሪክ ጸሐፊው፣ ወንበር አጥቼ ቆሜ።

በአምስት ሰንጠረዥ ገጠሙ፤ እኩል ወጡ። በዚህ ጊዜ አቶ ቆይ እስቲ ልባቸው አብጦ፦ «አዋጅ! ሃያ ይሁን!» አሉ። ምነው ምላሳቸውን በቆረጠው! አንድ ሰንጠረዥ በተጨመረ ቁጥር የሚመዘነው ቅደም ተከተል እንደ ጉንዳን እንደሚፈላ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የሚስታቸው ስልት ሃያውን ላፍ አድርጎ መልሱን ሲያስረክብ ጭብጨባው ጣራ ነካ። የአቶ ቆይ እስቲ ስልት ግን ማሰብ ጀመረ። ምሳ ተበላ፤ እያሰበ ነው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሊበር ደረሰ፤ ዘበኛው ተራቸው አልቆ በሌላ ቢተኩም መጨረሻውን ሳላይ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ አሁንም እያሰበ ነው። አቶ ቆይ እስቲ ላብ በላብ ሆነው ስክሪኑን ይማጸኑ ነበር፤ ሲያሳዝኑ! በመጨረሻ ያ ስልት ነቃ፣ አጣመረ፣ ጨረሰ። የመረጠውም ቅደም ተከተል ሲነበብ፣ ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ እስከ ሃያኛው፣ የሚስታቸው ስልት ከምሳ በፊት የመረጠው ራሱ ሆኖ ተገኘ!

ሳቁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሥራ አስኪያጁ ሊሰርዙ እጃቸውን ሲሰዱ ግን ወይዘሮ ቶሎ ቶሎ ወንበር ላይ ወጥተው፦ «አዋጅ! ይህ ስልት አይሰረዝም! በዓለም ያለውን አማራጭ ሁሉ አገላብጦ፣ አበጥሮ፣ ሚስት ልክ መሆኗን በማስረጃ ያረጋገጠ ሌላ የባል ሥራ የት ይገኛል? የነካው ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» አሉ። ሥራ አስኪያጁም ባለትዳር ናቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ስብሐት ለአቶ ቆይ እስቲ፣ ተሸንፈው ላሸነፉት፣ የሃያ ሰንጠረዥ አጣማሪ፣ የሚስታቸው እውነት ምስክር! ያን ዕለት የወይዘሮዋን ቦርሳ ተሸክመው ደረጃውን ሲወርዱ ፊታቸው ያበራ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።