አንዴ ብቻ ጠይቀው ሄዱ

በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይ» ከ«አይ» አይቆጠርም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከእናት ጡት ጋር ጠባነው። ሰው ቤት ገብታችሁ «ምሳ ላቅርብ?» ስትባሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋችሁ ባይዞርም፣ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። ባለቤቲቱም አታምናችሁም። እንዳታምናችሁ ነው የዋሻችሁት። ሁለተኛ ትለምናችኋለች፣ «ኧረ በቃኝ» ትላላችሁ፤ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ስትላችሁ ግን እንደተሸነፈ ሰው እያቃሰታችሁ እጃችሁን ልትታጠቡ ትነሣላችሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትሪው ያውቃል።

እንግዲህ «አይ» ሲባል «እሺ» ብሎ የሚሄድ ሰው አስቡ።

እንዲህ ያለው ሰው እኛ ሰፈር መጣ። መጣች ልበል እንጂ። ኢንግሪድ ትባላለች፤ ከኖርዌይ የመጣች በጎ ፈቃደኛ ነርስ ናት፣ መሪ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ያለውን ቤት ተከራየች። የሕንጻው ሰው ስሟን ቢያገላብጠው አፉ አልገባለትምና «እንግዳ» ብሎ አረፈው። «እንግዳ፣ ውሃ መጥቷል» ሲሏት ባልዲዋን አንጠልጥላ ትወርዳለች። ስሟ ተበላሸ አልልም፤ ትርጉም አገኘ እንጂ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የጡረተኛ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ጡረተኛ ወታደር ነው፣ የሚሰማው ካገኘ አያርፍም። ሳልለመን አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት በታክሲ ተጋፍተን ካራ እንወጣለን። እዚያ ያለው የቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ጦርነቱ ከሰሜን ያፈናቀላቸው ሰዎች ተጠልለዋል፤ እኛ እሁድ እሁድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለን እንዘምራለን። እሷ ቁስል ታጥባለች፣ ትኩሳት ትለካለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚለውን ለአንዲት ኖርዌያዊት ነርስ ማስረዳት ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ የልብ ሐኪም ካልጠራሁ ብላ ነበር።

ከተጠለሉት መካከል እማማ ጥሩነሽ አሉ። ማለዳ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ እንጦጦ ማርያም አዙረው ያማትባሉ፣ በእኛ በጴንጤዎቹ አዳራሽ ውስጥ፤ ፓስተራችንም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እማማ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ከአገራቸው የወጡት የልጃቸውን ሚስት ብርቱካንን ተከትለው ነው፤ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ልጃቸው ግን ከተማው የተተኮሰበት ቀን እንደወጣ አልተመለሰም፣ ወሬውም የለም። ብርቱካን አዳራሹ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች። እማማ ያንን ሕፃን አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁት በጣታቸው ነው። አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ አገጩን ቀስ እያሉ ሲዳብሱት ላየ ሰው አንጀት ይበላሉ።

አንድ ቀን ኢንግሪድ ፊቷ በርቶ መጣች። ለአንድ ሰው ነጻ የዓይን ቀዶ ሕክምና አግኝታለች፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። እማማ ፊት ተንበርክካ፣ «መሄድ ይፈልጋሉ?» አለች፤ ተረጎምኩ።

«አይ ልጄ፣ ለኔ ላሮጊቷ ምን ያደርግልኛል፤ ለወጣት ይሁን» አሉ እማማ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ኢንግሪድ በአክብሮት ራሷን ነቅንቃ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ፣ ይህ እኮ ገና መጀመሪያው ነው፣ ልመናው ይቀራል ብላት አልሰማ አለች። በትምህርቷ የሰው «አይ» የተከበረ ነው፤ ደግሞ መጠየቅ ማስገደድ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ክርክር አይቻለሁ፣ እንደ ጨዋ ሰው የሚያደርቅ ግን አላየሁም። ሌላ በሽተኛ ልትፈልግ መንገድ ስትጀምር ብርቱካን ልጇን እንዳዘለች በሩጫ ደረሰችብን።

«ጋሼ፣ እማማ እያለቀሱ ነው» አለችኝ። «‹አንዴ ብቻ ጠይቀው ሄዱ፤ ከልባቸው ቢሆን ይለምኑኝ ነበር› ይላሉ።»

ይህን ስተረጉምላት ኢንግሪድ ባለችበት ቆመች። በፀሐዩ ሁልጊዜም ቀይ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ባሰባት። አንዷ ላክብር ብላ ሄደች፣ ሌላዋ ተናቅሁ ብላ አለቀሰች። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ ጉዳቱም ከዚያ ነው የመጣው።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እዚያው የግቢው በር ላይ ልመና አስተማርኳት። «በሞቴ» ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት፣ እዚህ አገር ሰው ለምሳም ይሞታል እንዴ ብላ ጠየቀች። እንግዳው እምቢ ካለ፣ አዎ፣ አልኳት። «አፈር ስሆን» የሚለውን ስተረጉምላት ድንጋይ ላይ ቁጭ ስላለች እሱን ተውነው። «በሞቴ ይሂዱ፣ በሞቴ ይሂዱ» እያለች በሩን ስትዞር ዘበኛው ጸሎት መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ለትልቅ ሰው «ስምሽ» አይባልም፣ «ስምዎ» ነው፤ «ቤትሽ» አይባልም፣ «ቤትዎ» ነው እያልኩ አንገሽግሻታለሁ። ጎበዝ ተማሪ ደግሞ ክፉ ነው፣ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። እማማ ፊት ተንበረከከች፣ እጃቸውን ያዘች፣ አንደበቷን አሳምራ፣

«እማማ፣ በሞትዎ ይሂዱ» አለቻቸው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በራሷ ሞት መለመን የነበረባት ልጅ በአሮጊቷ ሞት ለመነቻቸው፣ ያውም በአንቱታ። ብርቱካን በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ «ተሳስታ ነው» ልል ስንተባተብ የእማማ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንደገና አለቀሱ ብዬ ክው አልኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

«በኔው ሞት?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የኔ ሞት እንደሆነ ደጅ ቆሟል። እሱ ሳይቀድመኝ ልሂድላት እንጂ።»

ሄዱ። አንደኛው ዓይናቸው ተሠራ፣ በማግስቱም ፋሻው ተነሥቶ አዳራሹ ተመለሱ። መጀመሪያ ኢንግሪድን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ይቺን ልጅ አታበሏትም እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አስተርጓሚው አንተ ነህ? በድምፅህ እኮ ወጣት ነበርክ።» ይህኛውን አልተረጎምኩትም።

ብርቱካን ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እማማ በዚህ ጊዜ አልዳበሱትም። ብዙ አዩት።

«ቁርጥ አባቱ» አሉ።

ብርቱካን ፊቷን አዞረች። ጊዜ መምረጥ የማታውቀው ኢንግሪድ ብቻ ተንበረከከች፤ ለሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ይዛ ኖሯል፣ ልመናውንም በሚገባ አጥንታለች። ገና «እማማ፣ በሞቴ...» ከማለቷ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«እሺ። መቼ ነው?» አሉ። «ባንዱ ልጁን አሳድግበታለሁ። ባንዱ ያባቱን መንገድ አይበታለሁ።»

ኢንግሪድ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን አሉ ማለቷ ነው። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚህ አልበቃም።

«እሺ አሉ» አልኳት።