የጥቁር ጉድጓድ ልማት

በአገራችን መሬት ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያጣ መሬት ቢገኝ ደግሞ ኮሚቴ ይሰየምለታል። ይህን ጥበብ የማያውቅ ስለሌለ እኔም ለማስተማር አልደክምም። የምተርከው በወረዳችን አንድ የከሰል ጉድጓድ እንዴት ለሕዝብ ጥቅም እንደዋለ ነው። ታላላቅ ሰዎች የደከሙበት ነገር ስለሆነ አንባቢ ቆሞ ባያነበው እንኳ ቀና ብሎ ተቀምጦ እንዲያነበው አደራ እላለሁ።

ወረዳችን ከደብረ ማርቆስ በበጋ በላንድሮቨር፣ በክረምት በጸሎት የምትደረስ ናት። በጃንሆይ ዘመን ማምሻ ላይ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ተዳፋት ሥር የድንጋይ ከሰል አለ ተባለና አንድ የፈረንጅ ኩባንያ መጣ። ተዳፋቱ ወይዘሮ ሥራነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ርስት ነበር። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ታበቅልበታለች። አንድ ማለዳ የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ ሙላት አስጠርተው፣ መሬትሽ ለአገር ዕድገት ተፈልጓልና ደስ ይበልሽ አሏት። ደስ አላላትም፤ ግን ሐሳቧን የጠየቃት ስላልነበረ ሥራው አልተጓተተም።

ኩባንያው ቆፈረ፣ ፈነቀለ፣ ከመረ። የወጣው ከሰል ግን ከእሳቱ ጭሱ የሚበልጥ ሆነና ፈረንጆቹ አንድ ክረምት ጭቃችንን ቀምሰው ሄዱ። ትተውልን የሄዱትም ውሃ ያቆረ ትልቅ ጉድጓድ፣ የጠቆረ የአፈር ክምርና አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። አገሬው ቦታውን ጥቁር ጉድጓድ ብሎ ጠራው።

ብዙም ሳይቆይ፣ የተተወ መሬት ሁሉ ለሕዝብ ጥቅም ይልማ የሚል ትእዛዝ ከበላይ መጣ። ፊታውራሪ ሙላት ትእዛዝ የሚያሳድሩ ሰው አይደሉምና በዚያው ቀን የልማት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበርነቱን ለሌላ አሳልፈው መስጠት ስላልሆነላቸው ራሳቸው ያዙት። ጸሐፊው አቶ ወልደ ሰንበት ሆነ፤ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ፣ መናፈሻ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ የወረዳው ብቸኛ ሰው ነው። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር በግ ይታረድ ስለነበር ልማቱ መጀመሪያ የተሰማው በበጎች ዘንድ ነው።

ከብዙ በግ በኋላ አሳቡ ተጠናቀቀ። ጥቁር ጉድጓድ መናፈሻ ይሆናል፤ በክምሩ ላይ አበባ ይተከላል፤ መንገደኛ የሚያርፍበት ሆቴል ይሠራል፤ ውሃው ላይም ጀልባ ይንሳፈፋል። የጀልባው ቀለም አንድ በጋ ሙሉ አከራከረ። ቦታውን ሄደን እንየው ያለ አንድ አባል ነበር፤ አቶ ወልደ ሰንበት ግን ቅርብ ሆኖ ማየት ዓይን እንደሚያጠብ አስረዳው። ያን ጊዜ አዲስ የሱፍ ልብስ አሰፍቶ ነበር።

ኮሚቴው እንዲህ ሲደክም ሥራነሽ ወደ ርስቷ ተመልሳ ነበር። የሚከለክል ስላልነበረ ፈቃድ የምትጠይቀውም አጣች። በጥቁሩ አፈር ላይ ፍግና ለም አፈር በቅርጫት እየተሸከመች አለበሰችው። የመጀመሪያው ዓመት ድንች የፍየል በጠጥ አክሎ አስቆ ቀረ፤ ቆይቶ ግን መሬቱ ለዘዘላትና ጡጫ የሚያህል ይወጣ ጀመር። አወቀ የሚባለው ቀጥቃጭ ደግሞ ፈረንጆቹ የናቁትን ከሰል ለቃቅሞ ወናፉን እዚያው ተከለ። ገበሬው ማረሻውን ሊያስል ይመጣል፣ ከብቱንም ከጉድጓዱ ያጠጣል፤ ሲጠብቅ ይርበዋል። ይህን ያየው የከተማው ነጋዴ ሐምዱ የቆርቆሮውን ቤት ጠግኖ ሻይ፣ ዳቦ፣ ጨውና ሳሙና ይሸጥ ጀመር። ሳሙና አለና ሴቶቹ ልብስ ይዘው ወረዱ። እነዚህ ሰዎች ልማት የሚለውን ቃል ስላልሰሙ ሲሠሩ ነበር የሚውሉት።

ታዲያ አንድ ትልቅ ሹም ከደብረ ማርቆስ የልማቱን ሥራ ሊመርቁ እንደሚመጡ ተሰማ። ያን ጊዜ ኮሚቴው በበቅሎ ሆኖ፣ የአገር ሽማግሌና ካህን አስከትሎ፣ ያለማውን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ወጣ። ሲደርስ ደነገጠ። ሰው ሞልቶበታል።

አቶ ወልደ ሰንበት ሥራነሽን ከድንቿ መካከል አስጠርቶ፣ ይህ የተተወ መሬት መሆኑን አታውቂም ወይ ሲል ገሠጻት።

«ማን ተወው ጌታዬ?»

«ኩባንያው ነዋ።»

«እኔስ መቼ ተውሁት?»

አቶ ወልደ ሰንበት ለዚህ ስላልተዘጋጀ የሱፍ ልብሱን አራገፈ። ፊታውራሪ ሙላት ግን አባታዊ ሰው ናቸውና በትዕግሥት አስረዷት። ትእዛዙ የተተወ መሬት ይልማ ነው የሚለው። የለማ መሬት ማልማት ትእዛዝ መጣስ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ሥራውን እንዲሠራ ሕዝቡ በመጀመሪያ መሬቱን ቢተውለት መልካም ነው።

ሐምዱ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። «ከተውነውስ በኋላ ፊታውራሪ?»

«እናለማዋለን።»

«ለማን?»

«ለእናንተ ነዋ» አሉ ፊታውራሪ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሐምዱ ስላልጠበቁ ትንሽ አዘኑ።

ሥራነሽ ድንቿን ዞራ አየች። መሬቷ ለአገር ዕድገት ሲወሰድ ይህ ሁለተኛው ነው። የፊተኛው ጊዜ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ግን እንባው አልመጣ አላት። ድንቼ ገና አልደረሰም፣ እስኪለማልን ድረስ የት እንግባ ብላ ብቻ ጠየቀች። ፊታውራሪ ሽማግሌውንና ካህኑን ዞር ብለው አዩ፣ በገዛ ቸርነታቸው ልባቸው ተነካ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውም መለሱ።

«መንግሥት አባታችሁ አይደለም? የአባት ቤት በሩ ለልጁ መቼ ተዘግቶ ያውቃል!»

ሕዝቡ መሬት ስሞ እጅ ነሣ። ፊታውራሪ ምስጋና መሰላቸው።

በማግስቱ የወረዳው ግዛት ጽሕፈት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ከአባታቸው ግቢ ገብተው ተገኙ። ሐምዱ ሻዩን በረንዳው ላይ አፍልቷል። አወቀ ከሰሉን በአህያ አስጭኖ ከአቶ ወልደ ሰንበት መስኮት ሥር ቆልሎ ማረሻ ይቀጠቅጣል። ሥራነሽ ባንዲራው ከሚሰቀልበት አጠገብ መደብ አውጥታ የጎመን ችግኝ ታፈላለች። አቶ ወልደ ሰንበት ዘበኞቹን ጠርቶ አስወጡ ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጡና በጎጃም የጨዋ ቃል ከአፍ ከወጣ ተመልሶ እንደማይዋጥ ለፊታውራሪ አሳሰቡ። ፊታውራሪ ከጨዋነታቸው የሚበልጥ ሀብት የላቸውም። ዋጡት እንጂ አላስወጡም፤ የዋጡት ግን ቃላቸውን ሳይሆን ንዴታቸውን ነው።

ግቢው ሞቀ። በፀሐይ ሲንቃቁ የሚውሉት ባለጉዳዮች ዳቦ አገኙ። ጸሐፊዎቹ ሻይ ለመዱና ከበረንዳው አልነሣ አሉ። በድንበር ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾችም ወረፋ ሲጠብቁ አንድ አግዳሚ ላይ ሻይ ጠጥተው ታረቁ፤ በዚያ ጽሕፈት ቤት እልባት ያገኘ ክርክር ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ታጠረ፣ ባዶው የቆርቆሮ ቤት ተቆለፈ፣ ዘበኛ ቆመ፣ ሰሌዳ ተተከለ፣ በሩ ላይም ሪባን ተወጠረ። አበባው እስኪመጣ ድረስ ከሥራነሽ ድንች በቀር የሚበቅል አልነበረም።

የምረቃው ቀን አቶ ወልደ ሰንበት መቀስ በትሪ አስይዞ በጉድጓዱ በር ቆመ። ፊታውራሪ እንግዳውን ሊቀበሉ ከጽሕፈት ቤቱ ቀሩ። ሹሙ ላንድሮቨራቸው እንደቆመ ወረዱ፣ የከሰሉን ክምር አዩ፣ የሚቀጠቀጠውን ብረት ሰሙ፣ በባንዲራው ሥር የለመለመውን ጎመን ተመለከቱ። በረንዳው ላይ ሰው ጢም ብሎ ዳቦ ይበላል።

«ሆቴሉም ተከፍቷል!» አሉ፤ የኮሚቴውን ዕቅድ አንብበው ነበር የመጡት።

ፊታውራሪ፣ «ክቡርነትዎ፣ ይህ እንኳ…» ብለው ሲጀምሩ ሹሙ አቅፈው ሳሟቸው። አንድ ጨዋ ሰው ከተሳመ በኋላ እውነት መናገር ነውር ስለሆነ ፊታውራሪም መልሰው ሳሙ። ሹሙ ንግግር አደረጉ፤ ይህ ግቢ ትናንት ጉድጓድ ነበር ብሎ ማን ያምናል አሉ፤ ማንም አላመነም፣ ሁሉም ግን አጨበጨበ። ከዲማ ገዳም የመጡ አንድ መሪጌታ እንዲባርኩ ተጋበዙና ብድግ ብለው፣ «ፊታውራሪያችን ለዚህ መሬት ሲሉ ብዙ አለሙ» አሉ። ሹሙ ልማቱን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታው ግን «ለ»ን አጥብቀው «መ»ን አላልተው ነበር ያሉት፤ ሕልሙን የሰማ ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ ወሰደ።

ከዚያ ሹሙ፣ ጽሕፈት ቤታችሁስ የት ነው ሲሉ ጠየቁ። ጎመን ለእጅ መንሻ ይዛ የቀረበችው ሥራነሽ እጅ ነሥታ መለሰች።

«ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ጌታዬ። አጥር አለው፣ ዘበኛም አለው፤ ሰው ግን አይደርስበትም።»

ስለ ጥቁር ጉድጓድ አንዲትም ሐሰት አልተናገረችም። ሹሙ ሄደው አዩት። አጥር፣ ሰሌዳ፣ ዘበኛ፣ የተቆለፈ በር፣ ከበሩም ፊት በሱፍ ልብስ ተገትሮ ምንም የማይሠራ አንድ ጸሐፊ። ከዚህ በላይ ጽሕፈት ቤት የሚመስል ነገር በጠቅላይ ግዛቱ እንዳላዩ መስክረው ሪባኑን ቆረጡ። በዚያው አፋቸውም፣ የወረዳው አስተዳደር እዚሁ ጸጥታ ባለበት ሥራውን እንዲቀጥል፣ በከተማው ያለውን የሕዝብ ልማት ግን ማንም ሹም እንዳይነካው አዘዙ።

ከተማው ጨፈረ። ሥራነሽ ግን ወሬውን ስትሰማ በመደቧ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለሐምዱና ለአወቀ የከተማ እምብርት ደረሳቸው፤ የእሷን ርስት ግን አሁን ራሱ መንግሥት ተቀምጦበታል። ሐምዱ ሻይ ቀድቶላት፣ ፊታውራሪ ቢጠሉሽም ድንች አይጠሉምና ሄደሽ ሞክሪ አላት።

ድንቿ በደረሰ ጊዜ ዶማዋን ይዛ ሄደች። ዘበኛው ከባለጉዳይ በቀር አይገባም አላት፤ ጉዳይ አለኝ አለች። ፊታውራሪ ጭቅጭቁን ሰምተው ከቆርቆሮው ቤት ወጡ። ቢሮው ከተዛወረ ወዲህ አቤት የሚል አጥተዋል፤ የሚጣላው ሁሉ ሐምዱ ዘንድ ሻይ እየጠጣ ይታረቃል። የቀረው ኮሚቴም ሐምዱ ዘንድ ሲሰበሰብ መዋል ጀምሯል። ሰው ናፍቋቸው ስለነበር አስገቧት። ቆፈረች፤ በሌላው ቀንም መጣች፤ ድንቿንና ነጭ ሽንኩርቷንም መልሳ ተከለች። አጥሩ ከብት ከለከለላት፣ ዘበኛው በመንግሥት ደመወዝ ማሳዋን ጠበቀላት።

በጥቅምት አንድ ቀን ዘበኛው ለምሳ ሄዶ ሳለ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ወጥቶ ድንቹ ላይ ሰፈረ። ሥራነሽ ከተማ ነበረች፤ ጩኸቱን ሰምታ ስትሮጥ ደረሰች። ፊታውራሪ ሙላት ካባቸውን ጥለው፣ ወንጭፍ ቢያጡ ድንጋይ በእጃቸው እየወረወሩ፣ ዝንጀሮውን ከመደብ መደብ ሲያሯሩጡ አገኘቻቸው። አቶ ወልደ ሰንበትም የሱፍ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በማዶ በኩል ያግዳል። መንጋው ገደሉን ወርዶ ሲጠፋ ሁለቱም እያለከለኩ ጥቁሩ አፈር ላይ ተቀመጡ። እሷም ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበችላቸው።

የልማት ኮሚቴው ከተሰየመ ጀምሮ በዚያ መሬት ላይ የሠራው ሥራ ይህ ነው። በሚገባም ሠርቶታል።