መምህር ኒያንግዌሶ ሰው መሆኑን ያስመሰከረበት ዜና

ስምዑ ወለብዉ፣ የሐይቁ ዳር ሰዎች! በዘመነ ኦሉዎች፣ ይኸውም በእኛ አፍ “ጃኮም” የምንለው ሊቀ መንበር ኦሉዎች በመንደራችን የቀብር ኮሚቴ ላይ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ኔትወርክም ከምስጥ ኩይሳው ጫፍ በቀር በማይገኝበት ወራት፣ አንበሳ ዘሰዋስው፣ መቅሠፍተ ስሕተት፣ ባለ ቀይ ብዕሩ መምህር ኒያንግዌሶ ሰው መሆኑን ለማስመስከር ዘመተ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ጀልባ ሠሪው ኦቡራ፣ ከልጅነት ጀምሮ ከመምህሩ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠው፣ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ከአልጋው ላይ ሆኖ “የሕይወት ታሪኬን ኒያንግዌሶ ያንብብ! ሌላ ሰው ካነበበው ከሳጥኑ ተነሥቼ እሄዳለሁ!” ብሎ አዋጅ ነገረ። መምህሩም እሺ ብሎ እጁን ጨብጦት ነበር።

ነገር ግን በመንደሩ ሕግ ነበረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ራፔሞ የሚባለው ላጤ ሲቀበር፣ የወንድሙ ልጅ የሕይወት ታሪኩን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ አስጻፈው፤ ጽሑፉም እጅግ ያማረ ስለ ነበረ ራፔሞን በቁሙ የማይወዱት እንኳ አለቀሱለት። ዳሩ ግን “በክፉም በደግም ያልተለየችው ውድ ባለቤቱ” ከሚለው ሲደርስ፣ ሦስት ሴቶች ከሦስት ማዕዘን ተነሥተው “እኔ ነኝ!” አሉ፤ ወዲያውም የመሬት ድርሻቸውን ጠየቁ። ስለዚህ ጃኮም “ማሽን የጻፈው የሕይወት ታሪክ ከእንግዲህ በሬሳ ፊት አይነበብ! ጽሑፍ ሁሉ የማሽንን እጅ በሚለየው በስልኬ መርማሪ ይመዘን፤ የወደቀበት ሰው ማይክራፎን አይንካ!” ሲል አወጀ። ከአዋጁ ግርጌ “ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?” የሚል መስመር ተገኝቷል፤ ዜና ጸሐፊው ግን ጃኮምን ስለሚፈራ ያልፈዋል።

ኦቡራም ባረፈ ጊዜ መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ “ፀሐይ ፈገግ ባለችበት፣ አእዋፍ በጣዕመ ዜማ በዘመሩበት በዚያ ብሩህ ማለዳ፣ ኦቡራ ይህን ዓለም ተቀላቀለ” ብሎ ጀመረ። እኛንም ሁላችንን እንዲህ አድርጎ ድርሰት አስተምሮናልና፣ በዚህ መንደር ወፍ ያልዘመረችበት ማለዳ መጻፍ የሚችል ሰው የለም። ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታው የዋለችበት ወዮለት። ያለፈውን ነገር በአሁን ጊዜ የጻፈ ተማሪ ደግሞ ይቆማል፤ ክፍሉም ሁሉ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ “ነበር!” እያለ ይጮህበታል። እኔም ቆሜ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ጽሑፉን ይዞ ወደ ኩይሳው ወጣ። ተከታዮቹም እነዚህ ነበሩ፦ የሟች ሚስት አፖንዲ፣ ዓሣ ጠባሿ የአቲስ እናት፣ ጃንጥላ ያዡ የሃይማኖት አስተማሪ፣ የሟች ውሻ፣ ሥራ ያጡ ሁሉ። ጃኮም ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጽሑፉን መዘነው፤ መርማሪውም “ከመቶ ዘጠና ስምንቱ የማሽን ነው” ብሎ ፈረደ።

የአቲስ እናት መጥበሻዋን ጥላ አወጀች፦ “ኧረ ጃኮም፣ እግዜርን ፍራ! ሰውዬው እኮ ማሽን ሳይፈጠር ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያወራው! ኮራጁስ ማሽኑ ነው!”

ጃኮምም “እኔ ላይ አትጩሂ! እሱን ስልኩን ጠይቂው!” ሲል አጸፋውን አወጀ።

አፖንዲ ግን ቀስ ብላ “መምህር፣ በናትህ ትንሽ አበላሸው” አለችው። እርሱም ስለ ወዳጁ ብሎ ከነውር ሁሉ የከፋውን ነውር ሊሠራ ተቀመጠ፤ “ጀልባ” ከሚለው ቃል አንዲት ፊደል ሲገድፍ ላብ አጠመቀው፤ ሁለተኛይቱንም ሊገድፍ ሲል ቀይ ብዕር ከኪሱ ወጥታ የፊተኛውን አረመች፤ በኅዳጉም ላይ “ተጠንቀቅ!” ብላ ጻፈች። እንደገና ቢመዘን ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ያን ቀን የመምህሩን ፊት ያየ ሰው ምሳ አልበላም።

የቀብሩ ዕለት ደረሰ። ማይክራፎኑ በጃኮም ብብት ሥር ነበረ፤ ሙዚቀኞቹም ይጫወቱ ነበር። እኛ የሉዎ ሰዎች ደግሞ ፓክሩኦክ የሚባል ወግ አለን፤ እጁን ያነሣ ሰው ሙዚቃውን አስቁሞ ራሱን ወይም ወዳጁን ያወድሳል፣ ይሸነቁጣልም፤ ከልካይ የለውም። የጃኮም ሕግ ስለ ጽሑፍ እንጂ ስለ ተነሣ እጅ አንዳች አላለም። መምህሩም ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ እጁን አነሣ፤ ከበሮውም ዝም አለ።

“እኔ ኒያንግዌሶ፣ የነጠላ ሰረዝ ባላባት!” ሲል አወጀ። “ኦቡራ ማለት ጀልባው ውኃ የማያስገባ፣ አፉ ምሥጢር የማይቋጥር! ዋና እንደማልችል ለመንደሩ ሁሉ ያወራብኝ፣ ያወራብኝ ዕለትም ሰፋ ያለ ጀልባ ሠርቶ ደጃፌ ላይ ያቆመልኝ! ኦቡራ…” አለ። “ኦቡራ ጓደኛዬ ነው።”

እነሆም የቆየ ልማድ ክፉ ነውና፣ ሽበት የወረረን የቀድሞ ተማሪዎቹ ሁሉ፣ ጃኮም ከፊት፣ ሳናስበው በአንድ ድምፅ “ነበር!” ብለን ጮኽን።

ከዚያም ሁላችንም አፋችንን በእጃችን ያዝን። አፖንዲ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። መምህሩ ሳጥኑን አየ፤ ወዳጁ መሞቱን ያን ጊዜ ገና የሰማ መሰለን። ዕድሜውን ሙሉ እርማት እንቢ ብሎ የማያውቀው ሰው፣ እንባው እየወረደ፣ ያለ ማይክራፎን፣ “ነው” አለ።

አንድም ሰው አላረመውም። ጃኮም ማይክራፎኑን ከብብቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ፤ መምህሩ ግን አልተቀበለውም፤ አፈር አነሣ እንጂ።

እንግዲህ ክብር ለመምህር ኒያንግዌሶ፣ ስሕተትን ሁሉ ላሸነፈ፣ በአንዲት ስሕተትም ለወዳጁ ለቆመ! ይህን ዜና ለማስመዘን ወደ ኩይሳው አልወጣሁም፤ ከወደቀም ይውደቅ። ብቻ የመጨረሻዋን ቃል ቀይ ብዕር አይንካት፦ ኦቡራ ጓደኛው ነው።