የቀረው ማስታወቂያ ነው

እስካለፈው ነሐሴ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ከነፍስ አባት የሚደበቅ ኀጢአት ምን ዓይነት ይሆን ብላችሁ ክፉ ክፉውን እንዳታስቡ እለምናችኋለሁ። ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ትዳር አላፈረስኩም። የእኔ ኀጢአት በሦስት ጎማ የምትሄድ ናት። ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩበትም ምክንያት ቀላል ነው፤ ኀጢአቱ የተሠራው በራሳቸው ላይ ነው።

መቼም እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኔ ደባርቅ እየኖርኩ ዳባት አስተምራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ በሚኒባስ እመለሳለሁ፤ በመሐል ያለው ሰዓት ያለፈ ጊዜና የወደፊት ጊዜ ግሥ ነው። ደባርቅ ስመለስ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። አንዱ የመድኀኒት ወረቀት ያመጣል፤ ሌላው የውሃ ፓምፕ መመሪያ ያመጣል። ጨነቅ በሚባለው የተራራ ሰፈር ለጎብኚ በቅሎ የሚጭኑ አንድ አጎት አሉኝ፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ትንሽ የታሸገ ነገር ይዘው መጡና «ይበላል ወይስ ይቀባል?» አሉኝ። ግራና ቀኝ አገላበጥኩት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ሰው ደግሞ ከቦ እያየኝ ነው። «ይቀባል» አልኳቸው። ሾርባ ነበር። አጎቴ ሦስት ቀን እጃቸውን ሲቀቡ ሰነበቱ፤ ለስልሶልኛልም ብለዋል። ይህ ግን ምስጢሬ አይደለም። ይህን ደባርቅ በሙሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን «አላውቅም» አትይም ትሉኝ ይሆናል። ዓይነ አፋር ነኛ! ሰዎች ዓይነ አፋር የሚሉት ዝም የሚለውን ነው፤ ተሳስተዋል። ዝም ካላችሁ እኮ ሁሉም ይበልጥ ያያችኋል። «አላውቅም» ካላችሁማ ጭራሽ ተጠግቶ ያያችኋል። ቶሎ ብላችሁ አንድ ነገር ከተናገራችሁ ግን አመስግኖ ይሄዳል። እኔ በዕድሜዬ የዋሸሁት ውሸት ሁሉ ሰው እንዲሄድልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ደሴ የሚባለው ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጇን ከእናቴና ከእኔ እኩል ይወዳታል፤ ከሁለታችን ይልቅ ያጥባታል። ክረምት ሲገባ ግን የደባርቅ የውስጥ መንገድ ጭቃ ይሆንና ባጃጇ አንድ በሽታ ይጀምራታል። መሪውን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ የፊት ጎማዋም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ እሷ ግን ሌላ ቀጠሮ እንዳላት ሴት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በዚህ ዓይነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አጥርና አንድ የጎመን መደብ ጎብኝታለች።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ደሴና መካኒኩ ጋሽ ይርጋ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ደሴ ስልኩን ዘረጋልኝና «ቲቸርዬ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልን፤ የፈረንጅ ባጃጅ ናት» አለኝ። ጓደኛው በቴሌግራም የላከለት ነው። ሥዕሉን አየሁት። እውነትም መሪ አላት፤ መቀመጫ አላት። የፊት ጎማ ግን የላትም። በጎማው ፋንታ አፍንጫቸው ወደ ላይ የተቀለበሰ ሁለት ረጃጅም መንሸራተቻዎች አሏት፤ ከኋላዋ ደግሞ እንደ ታንክ ሰፊ የጎማ ቀበቶ ይዞርላታል። ዙሪያዋ ሁሉ ነጭ ነው። ጋሽ ይርጋ ነጩ ጨው ነው ወይ አሉኝ። በረዶ ነው አልኳቸው፤ ቧሂት ተራራ ላይ አንዳንድ ጠዋት የምናየው ዓይነት፣ ግን አገር ሙሉ። «ይንሸራተታል?» አሉ። ይንሸራተታል አልኩ። «ያው ጭቃ ነዋ!» አሉ ጋሽ ይርጋ፤ ምርምሩም በዚህ ተዘጋ።

ማንበብ ጀመርኩ። ይግረማችሁና ገባኝ! ጸሐፊው የሚያማርረው ወንድሜ የሚያማርረውን ነው። መሪውን ስታዞሩት ማሽኑ እሺ ሳይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይ? ይላል። «እኔን ነው የጠየቀኝ!» አለ ደሴ። እንግዲያው መንሸራተቻውን ሰፋ ባለው ለውጡት፤ ከሥሩም ካርባይድ የሚባል እንደ ባልጩት የጠነከረ ስለት ያለው ዘንግ እሰሩበት፤ ስለቱ በረዶውን ነክሶ ይይዛል፤ ማሽኑም መሪው ወዳዘዘው ይሄዳል ይላል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ስመልስ ጋሽ ይርጋ ቆባቸውን አውልቀው ይሰሙኛል። ክፍል ውስጥ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም። ድምፄ ራሱ ወፍራም ሆነ።

ከዚያ «ይሁን እንጂ» የምትል ቃል ላይ ደረስኩ።

የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ አውቃታለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም። ከእሷ በታች ያሉትን ቃላት ግን እንኳን ላስተምራቸው አይቻቸውም አላውቅ። ቆምኩ። «ቀጥሎስ?» አሉ ጋሽ ይርጋ። ገጹን ወደ ላይ ገፋሁት፤ ያው ነው። ደሴ ያየኛል፤ ጋሽ ይርጋ ያዩኛል፤ እናቴም ከጓዳ ወጥታ ልጇን በኩራት ታየኛለች።

«የቀረው ማስታወቂያ ነው» አልኩ።

«ኤዲያ! ማስታወቂያማ ምን ያደርግልናል» አሉና ጋሽ ይርጋ ቆባቸውን አጠለቁ።

በማግስቱ የአሮጌ ሞተር ሰንሰለት በፊት ጎማዋ ላይ ጠመጠሙላት፤ በየመሐሉም አጫጭር የብረት ጥርስ በየዱበት። ጎማዋ እንደ ልቧ እንድትዞር የጭቃ መከላከያዋን ከፍ አደረጉላት። ደሴ ግቢያችን ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ሲሞክራት መሪው ወዳዘዘው ዞረች። እንዴት ያለች መዞር! ወንድሜ ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ከኋላዋ በትልቁ «ቲቸር» ብሎ አጻፈባት። በአገሬ ላይ ሐውልት ተሠራልኝ ማለት ነው።

በሳምንቱ የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ተበላሽቷል። የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ በበራችን በኩል በእግራቸው ሲያልፉ ደሴ ሮጦ ወጣና «አባቴ ይግቡ፤ ዛሬ ጭቃ የሚባል አይነካዎትም» አላቸው። እምቢ አሉ። ሁለተኛ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ሦስተኛው ላይ አዲሱን ነጭ ጋቢያቸውን ዝቅ ብለው አዩት፤ ገቡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ሽቅብ ስንወጣ ሌሎቹ ካህናት ልብሳቸውን ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየሰመጡ ሲሄዱ ደረስንባቸው። ከፊት መሪጌታ አሉ። መሪጌታና መምሬ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምረው ዜማ ሲፎካከሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መምሬ የባጃጇን ሸራ ገለጥ አደረጉና እጃቸውን አውጥተው አወዛወዙላቸው። መቼም ሰላምታ ነው፤ ግን ሲበዛ ረዘም ያለ ሰላምታ ነበር። ሸራውን ሲመልሱት ፊታቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ ቀርታለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር በታች አንድ ኩርባ አለ። ደሴ ፍጥነት ሳይቀንስ መሪውን አዞረ። የፊት ጎማዋ ጭቃውን ነከሰች፤ እንደታዘዘችውም ዞረች። ለኋላዋ ግን ማንም ምንም አልነገራትም። ኋላዋ ፊቷን ልትቀድም መጣች። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን አየን፤ ቀጥሎ ከተማውን፤ ቀጥሎ ተራራውን፤ ከዚያ እንደገና ቤተ ክርስቲያኑን። ከዚያም «ቲቸር» ደክሟት እንደሚጋደም ሰው ቀስ ብላ ሳማ ውስጥ ተኛች።

እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም፤ ሳማው ከለበለበን በስተቀር። የመምሬ ጥምጥም እኔ ራስ ላይ፣ የእኔ ነጠላ እሳቸው አንገት ላይ ተገኘ። አዲሱ ጋቢ ነጭ እንደነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። መጥተው እጃቸውን ይዘው ያነሷቸው ማን መሰሏችሁ? መሪጌታ ናቸው። ጭቃውን ከትከሻቸው እያራገፉላቸው «እንኳን ቀድመውን ደረሱ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያዘ። እናቴ ዓይን ነው አለች። ደሴ ጭቃውን ረገመ። ጋሽ ይርጋ ብየዳዬ አንዱ ጎን ከብዶ ነው ብለው ሰንሰለቱን ፈቱት። ማስታወቂያውን የጠረጠረ የለም። እኔ ግን የዚያን ዕለት ከሰዓት የደሴን ስልክ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ከ«ይሁን እንጂ» በታች ያለውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ የፊቱን ብቻ አጥብቃችሁ የኋላውን እንደነበረ ከተዋችሁት ኩርባ ላይ ጭራው ራሱን ይቀድማል፤ ስለዚህ የኋላውንም አብራችሁ አጥብቁ፤ ጥቂት በጥቂት አድርጉት፤ መጀመሪያም ማንንም ሳታሳፍሩ ገላጣ ሜዳ ላይ ሞክሩት። «ማንንም ሳታሳፍሩ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱን አጣጥፌ መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ በገባሁ ቁጥር መምሬ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። በተማሪ መቆጣቴን እናገራለሁ፤ በጎረቤት ጫማ መቅናቴን እናገራለሁ። «ሌላስ?» «ሌላ የለም አባቴ።» «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። እንዴት ብሎ ይፈታኛል፣ ቋጠሮውን ሳላሳያቸው?

ባለፈው ነሐሴ መምሬ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። እስከ ጉልበታቸው በስብሰዋል፤ አንዱን ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው በከዘራ ይደገፋሉ። እናቴ አላስችል አላትና «ምነው አባታችን፣ ልጅዎ ባጃጅ ይዞ ቆሞ ሳለ በዚህ ጉልበት?» አለቻቸው። መምሬ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ከዚያ በቀስታ ነገሩን።

«ያን ዕለት የጣለኝ ጭቃው መሰለሽ? እጄ ነው የጣለኝ። ወንድሞቼ በጭቃ ሲዳክሩ እኔ ተቀምጬ ላወዛውዝባቸው! በኩራቴ ልጆችሽን ይዤ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ እርም ብያለሁ፤ በየቀኑም አርባ ስግደት ጨምሬያለሁ።»

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። ደሴ አንገቱን ደፋ። እኔ የጠበሉን ዕቃ ይዤ ነበር፤ እንዳይፈስ ብዬ አጥብቄ ያዝኩት፤ ፈሰሰ። አርባ ስግደት በሁለት ዓመት ስንት እንደሚሆን አላሰላሁም፤ ማባዛት የሒሳብ መምህር ሥራ ነው። የመምሬ ጉልበት ግን አባዝቶታል። የዚያኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሁሉም አየኝ፤ «ጠበል ልጨምር?» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዳባት እንኳ እንዳልሸሽ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መምሬን ከጸሎት ሲወጡ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። መናገር ሲያቅተኝ አነበብኩላቸው፤ ከ«ይሁን እንጂ» ጀምሬ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ያን ቀን ይህን ምን ብዬ እንዳለፍኩት ነገርኳቸው። መሬት መሬቱን እያየሁ ጠበቅኩ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ አባቴ።»

«ማስታወቂያ የለውም?»

ቀና ብዬ ባያቸው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ፈረዱ። «ማወዛወዙ የእኔ ነው፤ መገልበጡ ያንቺ ነው፤ እኔ የሁለታችንን ስሰግድ ከርሜያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን አንቺ ስገጂ» አሉኝ። ነጠላዬን አደግድጌ እዚያው ጀመርኩ። ሃያ ያህል እንደሰገድኩ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ልነሣ ስል እጆቼ ተነሡ፤ ወገቤ ግን እዚያው ቀረ። መምሬ በከዘራቸው ተደግፈው ቁልቁል አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ዛሬም የፊቱን ብቻ ነው ያጠበቅሽው?» አሉ።

ደሴ ተጠርቶ መጣ። እኔን ደግፎ አስገባኝ። መምሬም የባጃጇን በር ትንሽ አይተው፣ እኔን አይተው፣ ጉልበታቸውን አሻሽተው ገቡ። ኩርባውን በእርምጃ አለፍነው። ከኩርባው በታች መሪጌታ ጃንጥላቸውን ይዘው ጭቃውን ሲያቋርጡ አገኘናቸው። መምሬ ሁለት እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አጥብቀው ቀበሩ፤ ወደ ፊት ብቻ ተመለከቱ። ጥቂት እንደሄድን ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ አንቺ አወዛውዢላቸው» አሉኝ።

እኔም፣ ዓይነ አፋሯ፣ ሸራውን ገለጥ አደረግኩና እጄን አውጥቼ አወዛወዝኩ፤ ረዘም አድርጌ።