የጋሼ ይቅርታ አገዛዝ

አዋጅ! የአንድ አሮጌ ኮምፒውተርና የአንድ አንካሳ ወንበር ባለቤት፣ ደመወዝ የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች የበላይ ጠባቂ፣ ግርማዊ ጋሼ ይቅርታ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ማንንም ሳይቆጡ መዋላቸውን ለሕዝብ እናበስራለን።

እንዲህ ያለ አለቃ የሌለበት ማኅበር የለም። የእሳቸው ማኅበር ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይሠራል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያርመዋል፤ ጋሼ ሳያዩት ግን አይለቀቅም። የማይረባ ሥራ ሲመጣላቸውም፣ «ይቅርታ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ይቺን ብቻ አብረን ብናያትስ?» ይላሉ። ሲያመሰግኑ በአደባባይ፣ ሲያርሙ በጆሮ።

ይህ «ምላጩ» የሚሉትን አባል ያንገበግበዋል። ምላጩ የማኅበሩ አንደኛ ፕሮግራመር ነው፤ ደረጃውን ያወጣው ራሱ ነው። በሰው ሥራ ሥር «ይህን የጻፍከው በክርንህ ነው?» ብሎ ካልጻፈ ቁርስ አይወርድለትም። ስለ ጋሼም፣ «ሰውዬው መሪ ናቸው አስተናጋጅ? ትንሽ ከቆየን ትራስ ያድሉናል» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ምላጩ «ቆሻሻ» ያለውን አንድ መስመር ከኮዱ ቆርጦ ጣለ። ጋሼ አምነውት ለቀቁት። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ዓይነ ስውር የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ለማኅበሩ ጻፈች፦ «ወንድሞቼ፣ ስልክ ቁጥር አንብብልኝ ስለው ‹ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ሚሊዮን› እያለ የመንግሥት በጀት ያነብልኛል። ዛሬ ካልተስተካከለ አለቃዬ ወንበሬን ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው።»

ስልክ ቁጥርን አኃዝ በአኃዝ የሚያስነብበው ያ ምላጩ የቆረጠው መስመር ነበር። በምላሱ የቆረጣቸው ሁሉ ተሰልፈው ቢላ ሲስሉ ታየው።

ጋሼ በማኅበሩ ገጽ ላይ በአደባባይ መለሱ፦ «እህቴ፣ ይቅርታ። ሳላጣራ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አሁኑኑ እናስተካክላለን።» ለምላጩ ደግሞ ለብቻው፦ «ምላጭዬ፣ አፍህ ላይ ጣል ያደረግከው ነገር አለ? በል ና፣ አብረን እንየው።» እኩለ ቀን ሳይሞላ ቁጥሩ ቁጥር ሆነ፤ ኦፕሬተሯም ወንበሯ ላይ ቀረች።

ይሄኔ ነው አንዱ አባል፣ «ጋሼ ደክመዋል፤ ኃላፊነቱን ያስረክቡ!» ብሎ በአደባባይ የለጠፈው። ምላጩ ሊስቅ ይገባው ነበር። ደሙ ፈላ እንጂ! «አንተ ማን ስለሆንክ ነው እሳቸውን…» ብሎ ጀመረና ሰረዘው። ብዙ ተቀምጦ በሌላ ቀየረው፦ «መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጋሼን ተዋቸው።» ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

የምላጩ ጽሑፍ ይኸው ተለጥፏል፤ ሥሩ እስካሁን ባዶ ነው። አንተ ጣትህን አሹለህ የተቀመጥክ አንባቢ፣ የመጀመሪያው መልስ ያንተ ነውና፣ እባክህን እንደ ጋሼ…