የካርፑል ሌኑ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት 880 ሀይዌይ ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። ቆይ፣ ለእኔ አትዘኑ! ያዋረደኝ ፖሊሱ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መጀመሪያ ግን ኑዛዜ አለብኝ።

ባለፈው ወር መኪና ውስጥ ሆኜ የለጠፍኩትን ሴልፊ ታስታውሳላችሁ? እኔ ከፊት ጥርሴን ገልጬ፣ ሁለት አዛውንት ከኋላ ጋቢ ደርበው። «ሽማግሌ ማገልገል መታደል ነው» ብዬ ጽፌበት፣ እናንተም «ተባረኪ» እያላችሁ ኮሜንቱን ሞላችሁት። አንዷማ «የዘመኑ ጧሪ» ብላኛለች። ስክሪንሹት አድርጌ ይዣለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው።

የምኖረው ሳን ሊያንድሮ፣ የምሠራው ሳን ሆዜ ነው። የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ነኝ፤ ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሦስቴ አርፍጄ ፋይናል ዋርኒንግ ተሰጥቶኛል። አንዴ ከደገምኩ ሥራዬ አለቀ። 880ን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጠዋት መንገድ ሳይሆን ፓርኪንግ ነው!

በስተግራ ያለው ፈጣኑ ሌን፣ ካርፑል የሚሉት፣ ግን ይሄዳል። ሦስት ሰው ሆናችሁ ከሄዳችሁ በነፃ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ክፈሉ ትባላላችሁ፤ በእኔ ደሞዝ ደግሞ በየቀኑ መክፈል የማይታሰብ ነው።

ሦስት ሰው! ከየት ይምጣ?

እዚያው አፓርታማችን ውስጥ፣ ከእኔ በታች፣ ጋሽ ይማምና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ይኖራሉ። የወሎ ሰዎች ናቸው። በየቀኑ በባቡርና በባስ እየተንገላቱ ሳን ሆዜ ልጃቸው ቤት ሄደው የልጅ ልጅ እንደሚጠብቁ ስሰማ በልቤ እልል አልኩ። ሁለት እነሱ፣ አንድ እኔ!

በአፌ ግን «እግረ መንገዴን ነው፣ ላድርሳችሁ» አልኩ። ስለ ሌኑ ትንፍሽ አላልኩም። ይሉኝታ አለ አይደል? «እናንተን ጭኜ ከትራፊክ ላምልጥ» ተብሎ ለአዛውንት ይነገራል እንዴ? እነሱም «እንዳናስቸግርሽ» ሲሉ፣ እኔም «ኧረ በፍጹም!» ስል ተስማማን።

ይኸው ሁለት ወራችን። የፊቱ ወንበር የቦርሳዬና የምሳዬ ነው፤ እነሱ ከኋላ ናቸው። ጋሽ ይማም ቀበቷቸውን አስረው ዱዓ ያደርጉልኛል። ሃይዋርድ ሳንደርስ ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። ሳን ሆዜ ስንደርስ ላይብረሪው ጋ ይወርዳሉ፤ «የልጃችን ቤት ከዚህ ጀርባ ነው፣ በእግራችን እንሂድ» ይሉኛል። ከሥራ ስወጣ ከዚያው አነሳቸዋለሁ።

ዛሬ ከኋላዬ መብራት ቦግ አለ።

ፖሊሱ መጥቶ፣ የሰው ቁጥር የምሞላበትን መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ታግ እያሳየ «ይሄ ሦስት ሰው ይላል፤ እኔ የማየው አንድ ነው» አለኝ። ወደ ኋላ ጠቆምኩት። ጎንበስ ብሎ አየና «የሚታጠብ ልብስ ነው?» አለ።

የሚታጠበው ልብስ ቀና ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ!» አለው።

ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ! እዚህ ላይ ቢያበቃ አሪፍ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ለጨዋታ ያህል ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። እኔ ፈጠን ብዬ «ልጃቸው ቤት» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ጋሽ ይማም «ላይብረሪ!» አሉ።

ፖሊሱ እሳቸውን አየ፤ እኔን አየ። «እነዚህ ሰዎች ምንሽ ናቸው?» ሲለኝ ድምፁ ተለውጧል። ሽማግሌ ያፈንኩ መሰልኩ እኮ! ሰዓቴን አየሁ። ሥራዬ እያየሁት ከእጄ ሲወጣ ታወቀኝ።

ያኔ ጋሽ ይማም መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ከአፋቸው ሰምቼው በማላውቀው እንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ዶተር ሙቭ። ሳክራሜንቶ። ሺ ሌት፣ ሺ ሉዝ ጆብ። ሶ፣ ዊ ሲት።»

ልጃችን ቤት ቀይራ ሳክራሜንቶ ከተማ ገብታለች። ይቺ ካረፈደች ሥራዋን ታጣለች። ስለዚህ እኛ እንቀመጣለን።

እንቀመጣለን!

ፖሊሱ እየሳቀ አሰናበተን። እኔ ግን መሪውን ይዤ ቀረሁ። «መቼ ነው የሄደችው?» አልኩ።

«ሦስት ሳምንት ሆናት» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ጉዳይ በሌላቸው ከተማ ሲውሉ ከርመዋል! ጋሽ ይማም ላይብረሪው ውስጥ የእንግሊዝኛ ክላስ ገብተዋል። እትዬ ዘሀራ ደግሞ ለሕፃናት ተረት የሚነበብበት ክፍል ሄደው ይቀመጣሉ። የልጅ ልጃቸው ናፍቆት በዚያ ቀለል ይልላቸዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ስል እንባዬ መጣ።

«አንቺስ መቼ ነገርሽን?» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ገና ሳትወስጂን በፊት፣ ፓርኪንጉ ውስጥ በስልክ እያለቀስሽ ‹አንዴ ካረፈድኩ አለቀልኝ› ስትዪ ሰምተናል። መስመሩ ሦስት ሰው እንደሚፈልግም ልጃችን አስረድታናለች። አንቺ ከደበቅሽው እኛ ምን ብለን እናሳፍርሽ?»

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን! በየጠዋቱ «አላህ ይስጥሽ፣ አደረስሽን» ሲሉኝ፣ እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ምንም አይደል» ስል ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ክሊኒኩ ጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በዚህ አገር ሳላውቀው የሚያስብልኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሁለት አሉኝ፣ ያውም ከኋላዬ ተቀምጠው!

ከሥራ ስወጣ አነሳኋቸውና ከነገ ጀምሮ ሌላ መላ እንደምፈልግ፣ እነሱም ቤታቸው እንዲያርፉ ነገርኳቸው። ጋሽ ይማም ተቆጡ።

«ሐሙስ ክላስ ፊት ቆሜ ስለ ሥራዬ እናገራለሁ!»

«የምን ሥራ?»

«ካርፑል ነዋ!»

እትዬ ዘሀራ ደግሞ ቦርሳዬን ከፊት ወንበር አንስተው «ነገ እዚህ እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ ፖሊሱ ሰው መሆኔን ይይ» አሉ።

እንግዲህ «ተባረኪ» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ምርቃቱን ወደ ኋላ ወንበር አስተላልፉልኝ። ስክሪንሹቱንም አጥፍቻለሁ።

አሁን ግን እናንተው ፍረዱ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማን ሊፍት የሰጠው ማን ነው?