በደቦ የተቀየረው አክስል

ልጆቹ ተሰብስበው «አያቴ፣ የአክስሉን ንገሪን!» ካሉኝ መሸሻ የለኝም። እሺ፣ ልንገራችሁ። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ባል «መኪናዬን እቤቴ ራሴ እሠራታለሁ» ካለ፣ ሚስት ቶሎ ብላ የአውቶቡስ ሰዓት ትጠይቅ!

ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር ሶዶ ገና አልገባም። ቤሌ ከተማ ያገባችው ልጄ አስቴር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ልጅ ስትወልድ እናት ቅቤዋን ይዛ ከጎኗ ካልተገኘች… ተዉት፣ አገር ነው የሚያወራው! እኔማ ቅቤዬን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«በአውቶቡስ ልሂድ?» አልኩት ባሌን።

«የእኔ ሚስት? መኪና እያለኝ? በአውቶቡስ?» አለ የአስቴር አባት፣ ዘር ማንዘሩን የሰደብኩበት ይመስል።

መኪና ያለው እውነት ነው። ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎቼ እንቁላል የሚጥሉት እሷ ውስጥ ነው። ስትሄድ ብቻ ከፊት በኩል «ቋ! ቋ! ቋ!» ትላለች። «የፊት አክስሏ ነው» ተባለ። አክስል ማለት የፊት ጎማዋን የሚያዞረው ረጅም ብረት ነው አሉኝ። አዲሱ ከአዲስ አበባ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። በምን መጣ በሉኝ? በአውቶቡስ! ብረቱን ያላዋረደ አውቶቡስ እኔን ያዋርዳል!

«ጋራዥ ውሰዳት» ስለው ሳቀብኝ። ቤት እንደሚሠራ ሰው ደቦ ጠራ። እናንተዬ… አክስል በደቦ! ጎረቤቱ በሙሉ መጣ፤ ግማሹ ዶማ ይዞ። ዶማው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሽማግሌው አቶ አንጁሎ እርጥብ ሣር ይዘው መኪናዋን መረቁ። ክሪኩ እምቢ ሲል በትከሻቸው አነሷትና ድንጋይ ከሥሯ ወተፉ። ደቦ የወጣ ሰው ደግሞ ይበላል፤ እኔ የልጄ ምጥ የሚጠብቀኝ ሴትዮ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ስቀቅል፣ የዳታ በርበሬ ስፈጭ ዋልኩ!

አሮጌው ብረት ወጣ። የባሌ ወንድም ሎሃ ንጽሕና ያበዛል፤ በናፍጣ አጠበው፣ በአመድ ፈተገው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ለሚጣል ብረት እንዲህ ያለ እጥበት! ሚስቱ እንኳ ለሠርጓ አላገኘችውም።

«ግራሶ አለቀ» አለ ባሌ፣ ዓይኑን ቅቤዬ ላይ ተክሎ።

«አትሞክራትም!»

«ትንሽ ብቻ… ለብሎኖቹ…»

«የምትወልደው መኪናዋ ናት ወይስ አስቴር?»

ቅቤዬን ታቅፌ አጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ።

ሥራው ሲያልቅ ስብሰባ ተቀመጡ። ዘመኑ የግምገማ ነው፤ ያልተገመገመ ነገር አላለቀም። «ሥራው በአመርቂ ውጤት ተጠናቋል» ተባለ። ዶማ የያዙትም ተመሰገኑ። ቦይና የቀቀለችውን ያነሳ የለም። የተረፈውን ብረት ባሌ ግቢው ውስጥ ቸክሎ በሬውን አሰረበት።

በነጋታው ማለዳ ወጣን። «ቋ! ቋ! ቋ!»

«ያው ነው እኮ!»

«አዲስ ስለሆነ ነው» አለኝ፤ «እስኪለማመዱ ነው።»

ዳገቱ ላይ ተለማመዱ መሰለኝ፣ መኪናዋ ቀጥ አለች። እዚያው የቆምነው ከኋላችን የቤሌ አውቶቡስ እስኪመጣ ነው። ባሌ ዓይኔን ሳያይ ቅቤዬን በመስኮት አቀበለኝ። ስደርስ አስቴርን ምጥ ይዟታል። እጄን ጨምቃ ማርታን ወለደች። እፎይ ስትል የጠየቀችኝ «አባዬስ?» ብላ ነው።

«እየተለማመደ ነው» አልኳት።

ማርታ አደገች፤ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የመኪና ጥገና ተማረች። አንድ ቀን ልትጠይቀን መጥታ የበሬውን ማሰሪያ ብረት ጎንበስ ብላ እያየች ቀረች። ነቀለችው። ጠረገችው።

«አያቴ፣ ይሄ እኮ አዲስ አክስል ነው! ጥርሱ እንኳ አልተበላም፤ አንድም ቀን መኪና ውስጥ አልገባም!»

ለካ ያን ቀን ተመልሶ የተገጠመው ሎሃ አጥቦ ያሳመረው አሮጌው ኖሯል!

ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። ደንገጥ እንኳ አላለም።

«እና ምን?» አለኝ። «በሬው አንድ ቀን አምልጦ ያውቃል?»